ማስታወቂያችን ከሩቅ እንዲነበብ
(ለማኅበራችን የማስታወቂያ ክፍል ወጣቶች በጽሕፈት ቤታችን የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ዕለት የተሰበሰብነው፣ እንደምታውቁት፣ ከየካቲት ወር ጀምሮ ስለሚካሄደው የአባላት ምዝገባ በሰሌዳችን ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ የምታዘጋጁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት እንድንነጋገርበት ነው። ቃሉን ኮሚቴው አርቅቆታል። የቀረው ነገር ቃሉ ወረቀት ላይ እንዴት ይቀመጥ የሚለው ነው። ይኼን እንደ ቀላል ነገር የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው፤ ጽፎ መለጠፍ ብቻ ይመስለዋል።

ቀላል አይደለም የምንልበት ምክንያት አለን። ምዝገባው ካለቀ በኋላ ስሙ በመዝገቡ ላይ የሌለ ሰው፣ በደንባችን መሠረት፣ ሐዘን ቢደርስበት ድንኳኑም ወንበሩም ገንዘቡም አይደርሰውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ወር በወር የከፈሉ እናት፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አንዲት ወረቀት ሳያነቡ በመቅረታቸው ብቻ ከመዝገብ ቢወጡ ምን እንላቸዋለን? «ተለጥፎ ነበር» ልንላቸው ነው? መለጠፉ እውነት ነው፤ መነበቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማን ነው የሚያነበው የሚለውን እንይ። ሰሌዳችን የቆመው መንገድ ዳር ነው። ሰው ቆሞ አያነብም፤ እየሄደ ነው የሚያየው። በቀን ሥራ የሚተዳደረው አባላችን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወጥቶ ከመሸ ነው የሚመለሰው፤ ያለው ብርሃን የመንገድ መብራት ብቻ ነው። ጋሼዎቹና እትዬዎቹ ደግሞ መነጽራቸውን ቤት ትተው ነው የሚወጡት። ከ40 ዓመት ወዲያ የቅርብ ዕይታ እየደከመ መሄዱ የሁሉም ሰው ዕጣ ነው፤ እናንተም ትደርሱበታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት በሰሌዳው መስታወት ላይ ታበራለች። እንግዲህ አንባቢያችን ይኼ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ አይደለም።

አሁን ረቂቁን እናንብብላችሁ። እንዲህ ይላል፦

«ማስታወቂያ። የእድራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ባደረገው መደበኛ ስብሰባ የአባላት መዝገብ በአዲስ መልክ እንዲደራጅ በወሰነው መሠረት ማንኛውም አባል ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የቀድሞውን የእድር ደብተር በመያዝ ከየካቲት 1 እስከ የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘወትር እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በእድሩ ጽሕፈት ቤት እየቀረበ እንዲመዘገብ እያሳሰብን፣ በተባለው ጊዜ ቀርቦ ያልተመዘገበ አባል መብቱ የማይጠበቅለት መሆኑን እንገልጻለን።»

ስሕተት የለበትም። ለቃለ ጉባኤ ደኅና ነው። ግን ይኼን እንዳለ በአንድ ወጥ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ብታሰፍሩት፣ ከሩቅ የሚታየው አንድ ጥቁር ቁራጭ ነው። መጨረሻው ቀን የት አለ? መሐል ላይ ተቀብሯል። ቅጣቱስ? ጫፍ ላይ። ትልቁ ቃል ማን ሆነ? «ማስታወቂያ» የሚለው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ማስታወቂያ መሆኑን ማን የማያውቅ አለ? ከሁሉ የሚበልጠውን ቦታ ምንም ለማይነግር ቃል ሰጠነው ማለት ነው። ይኼ ልማድ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ እኛ ዘንድ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ስለዚህ አቀማመጥ ብዙ ተጽፏል። ሮቢን ዊልያምስ የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ፣ ከፊልም ተዋናዩ ጋር ስም ብቻ ነው የሚያገናኛት፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ለጀማሪዎች ብላ ባሳተመችው መጽሐፍ ነገሩን በአራት ከፍላዋለች፦ የሚለየው ጎልቶ እንዲለይ፣ አንድ ዓይነት የሆነው እንዲደጋገም፣ ሁሉም በመስመር እንዲሰለፍ፣ የሚዛመደው እንዲቀራረብ። አራቱም ለእኛ ይሠራሉ። ግን የእርሷ ምሳሌዎች በላቲን ፊደል ስለሆኑ፣ የእኛ ፊደል የራሱ ጠባይ ስላለው፣ እንዳለ መገልበጥ አይሆንም።

ከመጠን እንጀምር። ፈረንጆች አንድን ቃል ማጉላት ሲፈልጉ በትልቁ ፊደላቸው ሙሉውን ይጽፉታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ሀ ሁልጊዜ ሀ ነው። ታዲያ አባቶቻችን በምን ያጎሉ ነበር ቢባል፣ በቀይ ቀለም ነው። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የምዕራፉ መግቢያ መስመርና የቅዱሳን ስም በቀይ፣ ሌላው በጥቁር ይጻፋል። በራስጌው ደግሞ ሐረግ ይሳልበታል፤ ዓይን «እዚህ ጋ አዲስ ነገር ይጀምራል» ብሎ እንዲያውቅ። ዳዊት ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ስንኝ ለራሱ መስመር ይሰጠዋል፤ ትልልቆቹ መጻሕፍት ግን ገጹን ለሁለት ከፍለው በዓምድ ይጻፋሉ፤ መስመሩ ሲያጥር ዓይን እንዳይጠፋው ይጠቅማል። ጸሐፊው ብዕር ከማንሣቱ በፊት ብራናውን በወስፌ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይወጋና ያለ ቀለም መስመር ያሰምርበታል። ኅዳጉን ይተዋል፤ በተለይ የግርጌውን ሰፋ አድርጎ። ብራና ውድ ሆኖ ሳለ ባዶ ቦታ ይተው ነበር ማለት ነው። እኛ ደግሞ ርካሽ ወረቀት ይዘን ጥግ ድረስ እንሞላዋለን!

ለእኛ ሰሌዳ ሦስት መጠን ይበቃል። ከሦስት አትለፉ። ማስታወቂያ ጻፊዎች የሚጠቀሙበት የቆየ ግምት አለ፤ ፊደሉ 1 ኢንች፣ ማለትም ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው፣ ከ10 ጫማ ወይም ከ3 ሜትር ያህል ያለ ድካም ይነበባል ይላሉ። ከመንገዱ እስከ ሰሌዳው ወደ 3 ሜትር ነው፤ በእርምጃ ለክተነዋል። ስለዚህ ርእሱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቀኑ 1.5 ሳንቲ ሜትር። ሌላው ሰው ቀረብ ብሎ በ1 ሜትር የሚያነበው 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ልዩነቱ ጉልህ ይሁን ነው የምንለው። ርእሱን 20፣ ዝርዝሩን 18 አድርጎ የሚያትም ሰው አለ፤ ሁለቱ ከሩቅ አንድ ናቸው። ልዩነት ከተባለ ልዩነቱ ይታይ።

በኮምፒዩተር የምትሠሩ ልጆች ልብ በሉ፤ ኮምፒዩተሩ ላይ 72 የሚለው ቁጥር 1 ኢንች ነው ቢባልም የፊደሉ ቁመት ራሱ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ በቁጥሩ አትመኑ፤ አትማችሁ በማስመሪያ ለኩት።

በዚህ መጠን ሲጻፍ ኤ4 ወረቀት አይበቃም። ኤ3 ውሰዱ። ኤ3 ከሌለ ሁለት ኤ4 ጎን ለጎን ብታያይዙ ልኩ ኤ3 ነው። የወረቀቱ ጉዳይ ከገንዘብ ያዡ ጋር ተነጋግረንበታል፤ ተፈቅዷል።

አሁን ስለ ፊደሉ ራሱ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ምክንያቱም ይኼን በውጭ አገር መጽሐፍ አታገኙትም። የፊደላችን ልዩነት ያለው በትንንሽ ምልክት ነው። በ እና ቡ የሚለያዩት በወገብ ላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው። ቢ እና ቤ የሚለያዩት በእግር ላይ ነው፤ አንዱ ጭረት፣ ሌላው ቀለበት። «ሂዱ» ብለን የጻፍነው «ሄዱ» ተብሎ ቢነበብ፣ ትእዛዙ ያለፈ ወሬ ሆነ ማለት ነው። ፊደሉ ሲያንስ፣ ወይም ፎቶ ኮፒው ቀለም ሲበዛበት፣ ቀለበቷ ትሞላና ሣልሱና ኃምሱ አንድ ይሆናሉ። ከፎቶ ኮፒ ላይ እንደገና ፎቶ ኮፒ ስታነሡ ደግሞ ይብሳል፤ ሁልጊዜ ከዋናው ላይ አንሡ።

ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ከሥር አታስምሩ። ከሥር ማስመር ለላቲን ፊደል ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ የእኛ ፊደል ግን ሣልሱም ኃምሱም ምልክቱ ያለው እግሩ ላይ ነው። መስመሩ እግሩን ይበላዋል። አንድን ቃል ማጉላት ካስፈለገ አተልቁት ወይም ለብቻው መስመር ስጡት። ሁለተኛው፣ ከመጠን በላይ አታወፍሩ። ጨ፣ ጠ፣ ሐ፣ ጪ፣ ጬ፣ እነዚህ በጣም ሲወፍሩ ውስጣቸው ይደፈናል። ርእሱ ብቻ ይወፍር። ሁሉም ወፍራም ከሆነ የወፈረ የለም።

ጌጠኛ የፊደል ቅርጽ የምትወዱ አላችሁ፤ እናውቃለን። ጥላ ያለው፣ የተጣመመ፣ እንደ ሠርግ ጥሪ የሚጠማዘዝ። ለሠርግ ጥሪ እሰየው፤ ጥሪው እጅ ላይ ገብቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነበባል። ለሰሌዳ ግን ቀጥ ያለውን አንድ ቅርጽ ምረጡና እርሱኑ ያዙ። ሌላም ጣጣ አለ። ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ ጽሑፍ፣ መጻፊያው በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ነው የሚወጣው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዩኒኮድ ጻፉ፣ ማተሚያ ቤት ስትወስዱት አትቸገሩም።

አሁን ወደ ባዶ ቦታ እንምጣ። ከሁሉም ነገር አስቸጋሪው ለጀማሪ ይኼ ነው፤ ባዶ ቦታ ሲያይ የባከነ ይመስለዋል። አበባ ይሥልበታል፣ ክፈፍ ያደርግበታል፣ ወይም ፊደሉን ይለጥጠዋል። ነገር ግን ዓይን ነገሮችን የሚያዛምደው በመቀራረባቸው ነው። ገበያ ሄዳችሁ ስታዩ ሴትየዋ ቲማቲሟን መደብ መደብ አድርጋ ነው የምትደረድረው፤ በመደብና በመደብ መካከል ክፍተት አለ። ክፍተቱ ባይኖር የቱ ስንት ብር እንደሆነ ማን ይለያል? ወረቀቱም እንደዚያው ነው። ቀኑና ሰዓቱ አንድ መደብ ናቸው፤ ተጠግተው ይቀመጡ። ይዘው የሚመጡት ነገር ሌላ መደብ ነው። ማስጠንቀቂያው ሌላ። በመደቡ ውስጥ ያለው መስመር ይቀራረብ፤ በመደብና በመደብ መካከል ያለው ክፍተት የዚያ እጥፍ ይሁን። በአራቱም ዳር 3 ሳንቲ ሜትር ኅዳግ ተዉ። ስፒሉም ፊደል ላይ አያርፍም።

ርእሱንም ከሚመለከተው ነገር አታርቁት። «ይዘው የሚመጡት» የሚለው ከላይ ካለው ሰዓት ጋር እኩል ርቀት ላይ ከተቀመጠ የማን ርእስ እንደሆነ አይታወቅም። ከላይ ይራቅ፣ ከታች ይጠጋ።

ስለ መስመር ብዙ አንልም። ሁሉንም መሐል ላይ ማድረግ የጀማሪ ሁሉ ፍቅር ነው። ርእስ ብቻውን መሐል ቢሆን አይከፋም፤ ዝርዝር ሲሆን ግን እያንዳንዱ መስመር በሌላ ቦታ ስለሚጀምር ዓይን ተመልሶ የሚያርፍበት ያጣል። በግራ በኩል ሁሉም ከአንድ ቦታ ይጀምር። በእጅ የምትጽፉ በእርሳስ ቀጭን መስመር አስምሩና በኋላ አጥፉት፤ ያው የወስፌው ዘዴ ነው። በኮምፒዩተር ደግሞ ቀኝና ግራውን እኩል አድርግ የሚለውን አትንኩ። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ ኮምፒዩተሩ ዳሩን ለማስተካከል ብሎ በቃላት መካከል ጥርስ የወለቀ የሚመስል ክፍተት ይፈጥራል። ድሮ ቃላት በሁለት ነጥብ ይለዩ ስለነበር ጸሐፊው ቃሉን የትም ቦታ ላይ ቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግረው ነበር፤ አንባቢ አይሳሳትም። ዛሬ ሁለት ነጥቡን ትተን በባዶ ቦታ ስለምንለይ ያ አይሠራም። ቃል አትቁረጡ። በተለይ ቀኑን፤ «የካቲት» ከላይ ቀርቶ «29» ከታች አይውረድ።

ቀለም። ቀይ ከአባቶች የወረስነው ነው ብለናል፤ ግን እነርሱ መጽሐፉን በማኅደር ይዘው ነው፣ እኛ ፀሐይ ላይ ነው የምንሰቅለው። በማርከር የተጻፈ ቀይ ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ይደበዝዛል፤ ጥቁሩ ይቆያል። አንድ ወር ለሚቆይ ማስታወቂያ ቀኑን በቀይ ብትጽፉት፣ መጨረሻው ሳምንት ላይ፣ ሰው በጣም በሚፈልገው ጊዜ፣ የሌለው ቀኑ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ቀኑ በጥቁር፣ በትልቅ። ከወንዶች መካከል ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ አሉ፤ በሴቶች ላይ ይኼ ብዙም አይታይም። ለእነርሱ «በቀይ የተጻፈውን ይመልከቱ» ማለት ዋጋ የለውም። ቢጫ ማርከር በነጭ ወረቀት ላይ አይታይም፤ ጥቁር ፊደል በቢጫ ወረቀት ላይ ግን ጥሩ አድርጎ ይታያል። ሰማያዊ በአረንጓዴ ላይ፣ ቀይ በጥቁር ላይ፣ እነዚህን ተዉአቸው። የድረ ገጽ ጽሑፍ ለሁሉም ሰው እንዲነበብ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የፊደሉና የመደቡ ብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል፤ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ1። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። ከዚህ በላይ የለም።

ስለ ክፈፍ አንድ ነገር እንበልና እንለፍ። ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር ክፈፍ አታድርጉ። የሐዘን ማስታወቂያ ይመስላል። እማማዎቹ ከሩቅ ሲያዩት ደንግጠው «ማን ሞተ?» እያሉ ይመጣሉ።

እንዲያውም ይኼ ወደ መደጋገም ይወስደናል። መንገድ ላይ «ቁም» የሚለውን ምልክት ተመልከቱ፤ ስምንት ማዕዘን፣ ቀይ። ሾፌሩ ፊደሉን ሳያነብ በቅርጹ ብቻ ያውቀዋል፤ ከኋላው ሲያየው እንኳ ያውቀዋል። የእኛም ማስታወቂያዎች እንደዚያ ይሁኑ። የሐዘን፣ የስብሰባ፣ የክፍያ፣ ሦስቱም ለራሳቸው መልክ ይኑራቸው፤ የእድሩ ስም በሁሉም ላይ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መጠን፣ ከግርጌ። ዛሬ የመረጣችሁትን ቅርጽ በሚቀጥለው ወር አትለውጡት። አንድ ዓይነት ሆነብን፣ ሰለቸን ትሉ ይሆናል። አንባቢው ግን በወር አንዴ ነው የሚያየው፤ አይሰለቸውም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሠረት ረቂቁ እንዲህ ሆኖ ይውጣ እንላለን፦

የእድር ምዝገባ

ከእሑድ የካቲት 1
እስከ እሑድ የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.
በየእሑዱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት
በእድሩ ጽሕፈት ቤት

ይዘው የሚመጡት፦
የቀድሞ የእድር ደብተር
2 ጉርድ ፎቶግራፍ

ከየካቲት 29 በኋላ ያልተመዘገበ አባል
የእድሩን አገልግሎት አያገኝም።

ታሞ መምጣት ያልቻለ አባል፣
ቤተሰቡ ወይም ጎረቤቱ ለጸሐፊው ይንገርለት።

የኮሚቴው ስብሰባ፣ «በወሰነው መሠረት» የሚለው፣ የት ሄደ ትሉ ይሆናል። በቃለ ጉባኤ ላይ አለ። የሚፈልግ መጥቶ ያንብብ። «መብቱ የማይጠበቅለት» የሚለውንም «አገልግሎት አያገኝም» አልነው፤ ትርጉሙ አልተለወጠም፣ ኮሚቴውም ተስማምቷል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በረቂቁ አልነበረም፤ ጽሑፉን መደብ መደብ አድርገን ስናስቀምጠው ነው ክፍተቱ የታየው። በአንድ ወጥ ጽሑፍ ውስጥ ማን መምጣት እንደማይችል አያሳስብም።

የሰዓቱን ነገር አደራ። ስልካችሁ ላይ 9፡00 የሚለውን እንዳለ የሚገለብጥ ልጅ አለ። አባት 9 ሰዓት ሲባሉ ከቀትር በኋላ ነው የሚመጡት፤ የተዘጋ በር ያንኳኳሉ። ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ የሚለው ቃል አይቅር። ዓ.ም. የሚለውም እንደዚሁ። ቁጥሩን በግዕዝ አኀዝ እንጻፍ ያላችሁ ነበራችሁ፤ ውበት አለው፣ ግን ፮ እና ፯ ከሩቅ አይለዩም፣ ብዙ ሰውም ረስቶታል።

ማኅተም። እዚህ አገር ማኅተም የሌለው ወረቀት አይታመንም፤ ስለዚህ ይመታበታል። ግን ማኅተሙ ሁልጊዜ የሚያርፈው የሚነበበው ነገር ላይ ነው። ሐምራዊው ክብ ቀኑን ይሸፍነዋል። ከግርጌ በስተቀኝ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ከመጀመሪያው አስቡለት፤ ማኅተሙን የምንመታው እኛ ነን፣ እዚያው እንመታዋለን።

ስለ ስልክም እንበል፤ በቴሌግራም መላኩ አይቀርምና። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ አትላኩ። ኤ4 ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የስልክ መስታወት 7 ያህል ነው። ሦስት እጥፍ ያንሳል ማለት ነው፤ በ12 የተጻፈው እንደ 4 ሆኖ ይታያል። ኤ3 ከሆነማ ተዉት። ይልቅ ቃሉን በጽሑፍ ላኩት። የደከመ ዓይን ያለው ሰው ስልኩ ላይ ፊደሉን ያተልቀዋል፤ ማየት ለተሳነው ደግሞ ስልኩ ከወረቀቱ ፎቶ ይልቅ ጽሑፉን በቀላሉ ያነብለታል። መስመሩም አጭር ይሁን። ለላቲን ፊደል ከ45 እስከ 75 ሆሄያት በአንድ መስመር ይመቻል ይባላል፤ የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃዋል። ከላይ ባነበብንላችሁ ልክ ይሁን።

ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ፈተና አለ። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት፤ ፊደሉ ደብዝዞ መደቦቹ ብቻ ይታያሉ። መደቦቹ ካልተለያዩ ክፍተቱ አልበቃም። ከዚያ ለጉዳዩ እንግዳ የሆነ ሰው ጥሩ፤ ከእናንተ መካከል አይሁን፣ እናንተ ስለምታውቁት ያልተጻፈውንም ታነቡታላችሁ። ከ3 ሜትር አቁሙት፣ አምስት እስክትቆጥሩ አሳዩትና ሸፍኑት። «ምን? እስከ መቼ? የት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱን ከመለሰ ይለጠፍ። ካልመለሰ ሰውየውን አትውቀሱ፤ ወረቀቱን መልሳችሁ ሥሩ። ከተማርነው ይልቅ ማንበብ የሚከብደውን ሰው ብትመርጡ ይሻላል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከመሸ በኋላ፣ በመንገድ መብራት እዩት።

ማንበብ ጭራሽ የማይችሉ አባላትም አሉን። ለእነርሱ ወረቀቱ ምንም ቢያምር አይበቃም፤ እንደ ልማዳችን ጡሩምባ ነፊው በየቅዳሜው ማታ ይዞራል፣ የሚለውም ቃል ከወረቀቱ ጋር አንድ ይሁን። ርእሱን፣ መጨረሻውን ቀን፣ ቦታውን፣ በዚሁ ቅደም ተከተል።

አሁን ሥራውን እንከፋፈል። እጅ ጽሑፋችሁ ጥሩ የሆነ ሁለት ልጆች የሰሌዳውን በማርከር ትጽፋላችሁ። ኮምፒዩተር ያላችሁ ለሁለቱ መግቢያ በሮች የሚሆነውን ታትማላችሁ። ሌሎቻችሁ ዛሬውኑ ከሰሌዳው ላይ ያለፈባቸውን ወረቀቶች አንሡ፤ የባለፈው ዓመት የክፍያ ማስታወቂያ ሳይቀር እስከ አሁን አለ፣ በዚያ ሁሉ መሐል አዲሱ አይታይም። ስፒሉን አትጣሉ፣ ለአዲሱ ይሆናል። የተዘጋጀውን እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይዛችሁ ኑ፤ ሰሌዳው አጠገብ ቆመን ከመንገዱ ማዶ እናየዋለን።